ከጥሩምባው በፊት

እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2014 የዋሽንግተን ዲሲው ፔንሲልቬንያ ጎዳና በታክሲ ተጨናነቀ። ነጂዎቹ መዳፋቸውን ከጥሩምባው ላይ ሳያነሱ በከተማው ምክር ቤት ሕንጻ አካባቢ ተከታትለው ይሳቡ ነበር። ከመሪው ኋላ ከተቀመጡት መካከል የኛ የኢትዮጵያ ሰው ብዙ ነበር። ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር። በስልክ የሚጠሩት የግል መኪኖች የኛኑ ሥራ እየሠሩ እኛ የምንጠየቀውን አይጠየቁም፤ ታሪፍ የሚወሰንብን እኛ፣ የካርድ ማሽን የምናስገጥም እኛ፣ የጣሪያ መብራት የምንቀይር እኛ፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሁን።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ሕጉ ጸደቀ፤ እንደ ኡበር ያሉ ድርጅቶች ለእነሱ በተቀረጸ ደንብ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። የዚያን ቀንም ከሕንጻው ውጪ ጥሩምባው ይጮኽ ነበር።

የነጂዎቹ ጥያቄ ፍትሐዊ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ልጅ ያስተማሩበት፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቻቸውን የጦሩበት ሥራ እጃቸው ላይ ሲቀልጥ ዝም ማለት ነበረባቸው የሚል ሰው ያን ሥራ አያውቀውም። በ2013 በቲምስተርስ የሠራተኞች ማኅበር ሥር ተደራጅተው ነበር፤ ያም ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የጥሩምባው ድምፅ ከፍ ያለበት ቀን ድምፅ የሚሰጥበት ቀን መሆኑ ልቤን ሲበላው ኖሯል። በዚያ ቀን የምክር ቤት አባል ሐሳቡን ጨርሶ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ሐሳቡ የሚለወጠው ከወራት በፊት፣ ካሜራ በማይደርስበት ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል ለምን እንደምንጠፋ፣ ስንገኝ ደግሞ ምን እንደሚሆን መጻፍ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ።

ዲሲ ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር የፈቀደላት ሕግ የተፈረመው በዲሴምበር 24 ቀን 1973 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ነዋሪዎቿ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባና ምክር ቤት መረጡ። ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት፤ ስምንቱ ዋርድ ከሚባሉት ስምንት የምርጫ ወረዳዎች፣ አራቱ ከመላው ከተማ፣ አንዱ ሊቀ መንበር። ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ሁላችንም ሂሪንግ የምንለው እሱ ነው። ከዚያ ኮሚቴው ረቂቁን ያርማል። አንቀጽ የሚወጣውም የሚገባውም በብዛት እዚህ ጋ ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰው የማይኖርበትም እዚሁ ነው። ሙሉ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከንቲባው ይፈርማል፤ በመጨረሻ ኮንግረስ የሚመረምርበት፣ ለአብዛኞቹ ሕጎች የ30 ቀን፣ ጊዜ አለ። ጥሩምባ የሚነፋው ሁለተኛው ድምፅ ላይ ከሆነ ብዙው መንገድ ተሄዷል ማለት ነው።

ሂሪንጉ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በ1908 በተከፈተው የዊልሰን ሕንጻ ውስጥ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል 500 የምክር ቤቱ ዋና አዳራሽ ነው። ለግለሰብ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ለኛ ሰው ከባድ ነው። አባቶቻችን ባስተማሩን ወግ መሠረት ከሰላምታ እንጀምራለን፣ ነገሩን ከሥሩ እናነሣለን፣ ዋናውን ጉዳይ አክብረን ለመጨረሻ እናቆያለን። ሽማግሌ ፊት ይህ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ተናጋሪው ገና ጉዳዩ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ አመስግነውት ቀጣዩን ይጠራሉ። ለታላላቆቻችን የምመክረው ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚፈልጉትን ይናገር፦ የረቂቁን ቁጥር፣ የሚቃወሙትን አንቀጽ፣ በምትኩ እንዲጻፍ የሚሹትን። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያልተነገረው በጽሑፍ ይገባል፤ የጽሑፉ ቃል ከመዝገቡ ጋር ስለሚቀመጥ የኮሚቴው ባለሙያ ረቂቁን ሲያርም ያገኘዋል።

ታክሲ ነጂዎቹ በጊዜ የደረሱበት ወቅትም አለ፤ ይህ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። በ2011 አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ በኒው ዮርክ እንደሚሠራበት የሜዳሊያ ሥርዓት፣ የታክሲን ፈቃድ በቁጥር ገድቦ እንደ ንብረት እንዲያዝ የሚያደርግ። ነጂዎቹ ይህ ሲሆን ፈቃዱ ገንዘብ ባላቸው እጅ ተጠቃሎ እኛ ተከራይ ሆነን እንቀራለን ብለው ሰጉ። ስጋታቸውን ይዘው ረቂቁ ገና ትኩስ ሳለ በየስብሰባው አዳራሽ ሞሉ። በዚያው ዓመት ጁን በታክሲ ኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ሁለት ጋዜጠኞች በፖሊስ ተይዘው ሲወጡ፣ ነጂዎቹ ብድግ ብለው በተቃውሞ አዳራሹን ለቀው ወጡ፤ ወሬው ከከተማው አልፎ ተሰማ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የቀረበት ምክንያት እነሱ ብቻ ናቸው ብዬ አልምልም። ግን የ2011ና የ2014 ሰዎች በአብዛኛው ያው ነበሩ፤ ከፊታቸው የቆመው ባለጋራ ጉልበት ቢለያይም፣ የመጡበት ሰዓትም ተለያይቶ ነበር።

ሌላም ደካማ ጎን ነበረባቸው። ብዙዎቹ ነጂዎች ቀኑን ሙሉ ዲሲ ሲሠሩ ውለው የሚያድሩት ሜሪላንድ ወይም ቨርጂንያ ነው። ኪራዩ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ገፍቷቸዋል። የዋርዱ ተወካይ ደግሞ የሚያስፈልገው የዋርዱ መራጭ ነው። በዲሲ ዘጠነኛው መንገድ ያሉት የኛ ባለ ሬስቶራንቶችም እንደዚሁ፤ ግብሩን ለዲሲ ከፍለው ድምፃቸውን የሚሰጡት ሌላ ቦታ ነው።

ለምን ወደ ስብሰባ እንደማንሄድ ስጠይቅ የማገኘው የመጀመሪያ መልስ ሥራ ነው። እውነት ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ በአንድ ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ የሚቀመጥበት አቅም የለውም። ታላላቆቻችን ጋ ግን ትንሽ ከቆዩ ሌላ ነገር ይመጣል። ዲሲ ምክር ቤቷን በመረጠችበት በ1974፣ ከሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ይዟል። በቀጣዩ ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ወጣ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ቀበሌ ተብሎ በየሰፈሩ ቆመ። ሐሳቡ ሲወጠን ነዋሪው የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲመክርበት የተባለ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወጣቶች ታስረው የተደበደቡበት፣ ተወስደው ያልተመለሱበት ቤት ሆነ። በሰፈር ስብሰባ እጅ ማውጣት ራስን ማስመዝገብ ማለት ሆነ። ከዚያ ያመለጠው ትውልድ ነው ዲሲ ላይ ሬስቶራንት የከፈተው፣ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው። እንግዲህ ለዚህ ሰው የሰፈር ስብሰባ ላይ ስምዎንና አድራሻዎን እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፉ ሲባል ምን እንደሚሰማው ልጆቹ የምናውቅ አይመስለኝም። አንድ አባት፣ ሠላሳ ዓመት በኖሩበት ሰፈር አንድም ቀን ወደ ስብሰባው እንዳልገቡ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ የተቀመጥነው በገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። ይህን ስንፍና የሚል ሰው ቢኖር አልሰማውም።

ዲሲ ደግሞ በ1976 የራሷን የሰፈር ኮሚሽኖች መርጣለች። ኤኤንሲ ይባላሉ፤ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን እንደማለት ነው። ከ2020ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ በተሠራው ካርታ 46 ኮሚሽኖችና 345 ኮሚሽነሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 ሰው ነው። ደመወዝ የላቸውም። እንደ ቀበሌው ፖሊስም ሆነ እስር ቤት አያዙም፣ ቤት አይሰጡም አይነሡም፣ ስኳር አያድሉም። ያላቸው ነገር አንድ ሕግ ነው። ኮሚሽኑ በጉዳዩ ላይ በድምፅ ወስኖ በጽሑፍ ከላከ የከተማው መሥሪያ ቤት ለሐሳቡ ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ሳይቀበለው ቢቀር እንኳ ያልተቀበለበትን ምክንያት ነጥብ በነጥብ መጻፍ አለበት። ምክንያቱን ለመጻፍ የተገደደ ባለሥልጣን ችላ ብሎ ሊያልፍ አይችልም። በከተማዋ ካሉት ሥልጣኖች ለተራ ነዋሪ በጣም የቀረበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በጣም የምንርቀውም ይህንኑ ነው።

በአንድ የክረምት ማታ ከነዚህ ስብሰባዎች አንዱ ላይ ተቀምጫለሁ። የቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ሃያ የማይሞላ ሰው። አጀንዳው ላይ የአንዲት የኛ ሴት ሬስቶራንት የመጠጥ ፈቃድ እድሳት አለ። ዓርብና ቅዳሜ አዝማሪ ያስገባሉ፤ ከኋላ ያሉት ጎረቤቶች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማሲንቆው በማጉያ ሲወጣ ልጆቻቸው እንቅልፍ አጡ። ወይዘሮዋ ብቻቸውን ነው የመጡት፤ ነጭ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የግብር ደረሰኝና የጤና ምርመራ ወረቀት የሞላ ፖስታ ታቅፈው። የመጡት ሊከሰሱ መስሏቸው ነበር።

በዲሲ ሕግ የመጠጥ ፈቃድ ሲወጣም ሆነ ሲታደስ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፤ ለ45 ቀን ያህል ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ይሰጣል። ኮሚሽኑ ሊቃወም ይችላል፤ አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎችም በቡድን ሊቃወሙ ይችላሉ። ግን ብዙው ተቃውሞ ወደ ክርክር ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል፤ ሰዓቱ፣ የድምፅ መጠኑ፣ የቆሻሻ ማውጫው ጊዜ በጽሑፍ ይሰፍርና ሁለቱም ወገን ይፈርማል። ስምምነቱ ከፈቃዱ ጋር ተያይዞ ይኖራል፤ ሽማግሌ ከሚያስታርቀው የሚለየውም በዚህ ነው፣ የፈረሰ ቀን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አለው።

ወይዘሮዋ ፖስታውን ሊከፍቱ ሲሉ ኮሚሽነሩ አያስፈልግም አላቸው። ጎረቤትየው ተነሥቶ ምግባቸውን እንደሚወድ፣ የሚፈልገው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማጉያው እንዲጠፋ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። እሳቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የኋላውን በር በስፖንጅ አስደፍነው ማጉያውን በአምስት ሰዓት ተኩል እንደሚዘጉ፣ አዝማሪው ግን ያለ ማጉያ እንዲቀጥል እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት፣ ሲቸግራቸው በእጃቸው እያገዙ። ክፍሉ ውስጥ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ድምፅ ተሰጠ፣ አለፈ። ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ኮሪደሩ ላይ ስጠይቃቸው አዝማሪውን ጨርሰው ሊያስወጡት አስበው እንደነበር ነገሩኝ። አንድም ሰው ያን አልጠየቃቸውም ነበር።

ጎረቤትን ቀድሞ ማግኘት ከሕጉ ሁሉ የሚበልጥባቸው ጉዳዮች አሉ። በ2005 አካባቢ የዘጠነኛው መንገድና የዩ ስትሪት ነጋዴዎቻችን ያ ሰፈር በይፋ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም ጠይቀው ነበር። ምክንያት ነበራቸው። ከአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ኪራይ ሲወደድ ወደዚህ መጥተው ባዶ ሱቆች ላይ ሕይወት ዘርተዋል። ሎስ አንጀለስም በ2002 ለፌርፋክስ ጎዳና አንድ ክፍል በምክር ቤቷ ድምፅ ይህንኑ ስም ሰጥታዋለች። በዲሲ ግን የቆዩት ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ነገሩ ያኔ በዚያው ቀረ።

ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ተቀይመናል። እኔ ግን ተቃውሞውን ዛሬ ሳስበው እውነት አለው። ዩ ስትሪት ጥቁሮች በሕግ ከሌላው ሰፈር በተገለሉበት ዘመን የራሳቸውን ትያትር፣ የራሳቸውን ባንክ፣ የራሳቸውን ሙዚቃ የሠሩበት መንገድ ነው። ሃዋርድ ትያትር በ1910፣ ሊንከን ትያትር በ1922 ተከፍተዋል፤ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት መንገዱ ተቃጠለ፤ ከዚያ የምድር ባቡሩ ሲቆፈር ለዓመታት ታጥሮ ነጋዴው ከሰረ፤ ጣቢያው በ1991 ተከፈተ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሊያገግም ሲል በሌላ ሰው ስም ሲጠራበት ደስ ሊለው አይችልም። ጥያቄው ወደ ምክር ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቢሆን፣ ቡና አፍልተን ጠርተናቸው ቢሆን፣ ሁለቱን ታሪክ የሚሸከም ስም አብረን እናገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኛ ያገር ልጅ ቅሬታ ሲያሰማ ማዳመጥ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ያገሩ ልጆች እነሱ ነበሩ።

ቀድመው የተገኙ ሰዎች ምን እንደሚያተርፉ ለማየት ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የተሻለ ምስክር የለኝም። በየመሥሪያ ቤቱ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ የሚሄድ ወላጅ ብዙ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ የእናቷን በሽታ ለሐኪም የምትተረጉምበት ዘመን። የስደተኛ ማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ ላቲኖው፣ ቻይናው፣ ቬትናሙ፣ ኮሪያው፣ የኛውም፣ በአንድነት ቆመው ግፊት አደረጉ። ምክር ቤቱ ሕጉን አወጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ ውስጥ አንድን ቋንቋ የሚናገረው 500 ሰው ወይም 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ከደረሰ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት፤ የቃል አስተርጓሚ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ማቅረብ አለበት። ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያንኛና ከፈረንሳይኛ ጋር አማርኛ በዲሲ መንግሥት ወረቀት ላይ የሚታየው በዚህ ሕግ ነው። የተጣሰ እንደሆነ አቤቱታው የሚቀርበው ለከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ነው። በምክር ቤቱ ሂሪንግ ላይም ቀደም ብሎ የጠየቀ ሰው አስተርጓሚ ያገኛል። ይህን መብት ያለ ጥሩምባ አገኘነው፤ ብቻችንን ግን አልነበርንም።

ሕጉ ቢኖርም ጥያቄው ቁጥር ከሌለው ይጠፋል። የተሰበረ የመንገድ መብራት፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣ የአይጥ መንጋ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ የሻገተ ግድግዳ፣ ሁሉም ወደ 311 ሲደወል የጥያቄ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በአማርኛ ላውራ ማለትም ይቻላል። ቁጥሩን ይጻፉት። በየዓመቱ በፌብሩዋሪና በማርች ምክር ቤቱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን አስቀምጦ የዓመቱን ሥራቸውን ይጠይቃል። በዚያ ሂሪንግ ላይ አንድ ተከራይ ሕንጻችን ችግር አለበት ቢል ኃላፊው እናየዋለን ብሎ ያልፋል። ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሶ ይህን ያህል ጊዜ አመለከትን፣ ማንም አልመጣም ያለ ሰው ግን የምክር ቤት አባሏን ጥያቄ አስታጥቋታል፤ መልሱም በመዝገብ ላይ ይያዛል። ከአንድ ሕንጻ አሥር አባወራ ተሰብስቦ አንዱን ተናጋሪ አድርጎ ሲልክ ጉልበቱ የበለጠ ይሆናል። ዕድርና ዕቁብ ለመቶ ዓመት ያሠራ ሕዝብ ይህን ለማደራጀት አስተማሪ አያሻውም።

ምክር ቤቱ በ2022 ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለኤኤንሲ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በፌብሩዋሪ 2023 የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ሊሽረው ድምፅ ቢሰጥም ሴኔቱ ስላልተከተለው ሕጉ ጸና፤ በ2024 ሥራ ላይ ዋለ። በፌዴራል ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠቱ ከባድ ጥፋት ነው፣ እስከ መባረር ያደርሳል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ወገናችን ከመመዝገቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ ይህን ጉዳይ በወሬ የሚወሰን አድርጎ አይየው። ከዲሲ ውጪ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያስተዳድረው የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤትና የአሌክሳንድሪያ ከተማ ምክር ቤት በየራሳቸው ደንብ ይሠራሉ፤ የሕዝብ ቃል የሚሰሙበት ሰዓት ግን እነሱም አላቸው።

ዜግነት ያገኙት ልጆቻችን ደግሞ ዲሲ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ከመምረጥ አልፈው መወዳደር ይችላሉ። የኤኤንሲ ኮሚሽነር የሚመረጠው በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር ነው፤ 2026 ከምርጫው ዓመቶች አንዱ ነው። ስሙ የምርጫ ወረቀት ላይ እንዲወጣ ተወዳዳሪው የሚያስፈልገው በሚወዳደርበት ወረዳ የተመዘገቡ የ25 መራጮች ፊርማ ነው። በሰፈሩ ያሉ ሐበሾች በአንድ የእሑድ ከሰዓት ሊፈርሙለት ይችላሉ፤ እሱ ግን ከጎረቤቱ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ በር ቢጀምር ደስ ይለኛል።